99ኛው ኳስ ላይ ለምን አስወጡት?

ጁላይ 11 ቀን 2024፣ ሚልዋኪ ከተማ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የቤዝቦል ቡድኑ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ወርዋሪ ፖል ስኪንስ ሰባተኛውን ኢኒንግ (ዙር) ጨርሶ ወደ ቡድኑ መቀመጫ እየሄደ ነው። ያን ቀን 11 መቺዎችን በስትራይክ አሰናብቷል። ከሚልዋኪ በኩል የስኪንስን ኳስ መትቶ ቤዝ የረገጠ አንድም ሰው የለም። ሁለት ኢኒንግ ብቻ ቀርቷል። እነሱም እንዲሁ ካለፉ "ኖ ሂተር" ይባላል። ስንትና ስንት ታላላቅ ወርዋሪዎች ሳያገኙት ጡረታ ወጥተዋል። ልጁ ደግሞ ገና 22 ዓመቱ ነው። የአሜሪካ ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ ከገባ ሁለት ወሩ።

አሰልጣኙ ዴሪክ ሼልተን አስወጣው። ስምንተኛውን ኢኒንግ ሌላ ሰው መጥቶ ወረወረ።

ለእግር ኳስ ሰው እንዲህ ላስረዳው። አንድ አጥቂ ሁለት ጎል አግብቷል። ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ኳሷን ነጥቧ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት አራተኛው ዳኛ የእሱን ቁጥር ከፍ አደረገ፤ ይቀየር ተባለ። ስቴዲየሙ ምን እንደሚል አስቡት።

መልሱ ያለው 99 የምትለው ቁጥር ውስጥ ነው። ስኪንስ ያን ቀን የወረወረው ኳስ ብዛት ናት። የዛሬ ዘመን ወጣት ወርዋሪ በቆጠራ ነው የሚያድገው። ኳሱ ይቆጠራል፣ ኢኒንጉ ይቆጠራል፣ የሚያርፍበት ቀን ይቆጠራል። ቢሮ ተቀምጠው የሚቆጥሩም አሉ። እነሱ ግን የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ቤዝቦል ለማያውቅ

እኔ መጀመሪያ ቤዝቦል ያየሁት ዲሲ፣ ፓርኪንግ ስሠራ ነው። ቡዟ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ሃያ ደቂቃ ያህል አየሁና አብሮኝ የሚሠራውን የጎንደር ልጅ "ቆይ፣ ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው?" አልኩት። "አምስተኛ ኢኒንግ ላይ ናቸው እኮ" አለኝ። ሰዎች ቆመው ምራቃቸውን ይተፋሉ፣ ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ፣ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ያያል። በቃ ይኼው ነው። ትግሉ በወርዋሪውና በመቺው መሀል መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ሕጉ ባጭሩ ይኼ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን በጓንት የሚይዘው ተቀባይ ይባላል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ፣ ወይም መምታት የነበረበትን ኳስ ቆሞ ካሳለፈ፣ ይወጣል። ስትራይክ አውት የሚሉት ይህን ነው። ወርዋሪው ደግሞ አራት ጊዜ ከክልሉ ውጪ ከወረወረ መቺው በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። (ቤዞቹን ሁሉ ረግጦ ዞሮ የተመለሰ ሰው አንድ ነጥብ ያስቆጥራል።) ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይቀየራል። ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ አለቀ ማለት ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን በጨዋታው 27 ሰው ማስወጣት አለበት። ድሮ ያን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ወርውሮ ይጨርስ ነበር። አሁን እንዲህ ያለውን ማየት ብርቅ ሆኗል።

ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ መቺው ካለበት 18.44 ሜትር ይርቃል። ስኪንስ በሙሉ ኃይሉ ሲወረውር ኳሱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይበራል። ለመድረስ የሚፈጅበት 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ዱላ ማዞር ራሱ 0.15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ መቺው ኳሱን ዐይቶ፣ ለይቶ፣ "ልምታ ወይስ ልተወው" ብሎ የሚወስነው በሩብ ሰከንድ ውስጥ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ግን አያዋጣም። ሜጀር ሊግ የደረሰ መቺ ያንኑ ፈጣን ኳስ ደጋግመህ ብትሰጠው ይለምደዋል፣ ከዚያ አጥር አሻግሮ ይሰድልሃል። ስለዚህ ወርዋሪ ሲወረውር አንድ መስሎ፣ ሲደርስ ሌላ የሚሆን ኳስ ያስፈልገዋል። ሚስጥሩ ያለው ጣት ላይ ነው። ኳሷ ቀይ የስፌት ክር አላት። ሁለቱን ጣቶች ስፌቱ ላይ በምን መልኩ እንዳሳረፍካቸው፣ በስተመጨረሻ የትኛው ጣት እንደለቀቃት፣ አሽከርክሪቷን ይለውጠዋል። አሽከርክሪቷ ሲለወጥ አየሩ ላይ የምትሄድበት መንገድ ይለወጣል። አንዷ ሳትወርድ ቀጥ ብላ የምትመጣ ትመስላለች። ሌላዋ ወደ ጎን ትሸሻለች። ሌላዋ ትሰምጣለች።

ስኪንስ ሜጀር ሊግ ሲገባ አንዲት አነጋጋሪ ኳስ ይዞ መጣ። "ስፕሊንከር" ይሏታል። ስሟ ስፕሊተርና ሲንከር ከሚባሉ ሁለት ኳሶች ተገጣጥሞ የወጣ ነው። ከእጁ ስትወጣ ፈጣኑን ኳስ ትመስላለች። መቺው ዱላውን ሲያዞር ግን ቁልቁል ወደ ጎን ትወድቃለች። ፍጥነቷ በሰዓት 151 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የሜጀር ሊግ ወርዋሪዎች ዋና ፈጣን ኳስ ራሱ በአማካይ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እሱ ጋ ይህች ማታለያ ናት።

አንዲት ጅማት

ችግሩ፣ የሰው ክንድ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠረም። በክርናችን የውስጥ በኩል የላይኛውን አጥንት ከታችኛው ጋር አስራ የያዘች ጅማት አለች። ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ ለጥጦ ወደ ፊት ሲወነጭፍ ጉልበቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጭነቷም ይከብዳል። ጡንቻ ቢሆን ብረት እያነሳህ ታፈረጥመዋለህ። እሷ ላይ ያ ብዙም አይሠራም። ቀስ በቀስ ትሳሳለች፣ አንድ ቀን ትበጠሳለች።

እስከ 1974 ድረስ ይህች ጅማት የተበጠሰችበት ወርዋሪ ሌላ ሥራ ነው የሚፈልገው። በዚያ ዓመት ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱን ቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ቶሚ ጆን ግራኝ ነበር። ሐኪሙ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስደው በግራ ክርኑ ተከሉለት። 1975ን ሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ፣ በ1976 ተመለሰ፣ ከዚያ እስከ 1989 ወረወረ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሸነፈው 124 ጨዋታ ነበር። (ቤዝቦል ላይ የቡድኑ ድል በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል።) ከዚያ በኋላ ያሸነፈው 164 ነው! ሕክምናው እስከ ዛሬ በሐኪሙ ሳይሆን በታካሚው ስም ይጠራል፤ ቶሚ ጆን ሰርጀሪ። አሁን በጣም ከመለመዱ የተነሳ "እገሌ ቶሚ ጆን ሊሠራ ነው" ሲባል ብዙ ሰው አይደነግጥም። እኔ መደንገጥ አለብን ባይ ነኝ። ለመመለስ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ የተመለሰ ሁሉ ደግሞ እንደነበረ አይሆንም።

ሳይቆጠር ይወረወር የነበረበትን ዘመን ለማየት አንድ ሰው ይበቃል። ማርክ ፊድሪች፣ ዲትሮይት ታይገርስ፣ 1976። የ21 ዓመት ልጅ ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ ኳሱን ያናግራል፤ ቀልድ አይደለም፣ በእውነት ያናግራል። አሜሪካ አበደችለት። በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ 19 ጨዋታ አሸነፈ። ብቻውን ጀምሮ ብቻውን የጨረሰው ጨዋታ 24 ነበር። የወረወረው ኢኒንግ ከ250 በላይ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ከዚያ ትከሻው ተከተለ። የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ በጠቅላላ ያሸነፈው 29 ጨዋታ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከዚያ ዝነኛ ዓመት በኋላ ያሸነፈው አሥር ብቻ ነው።

ታዲያ ከተቆጠረ መፍትሔው ተገኘ ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ዲሲ ያለን ሰዎች የስቲቨን ስትራስበርግን ታሪክ ሳንወድ በግድ እናውቀዋለን። በ2009 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) አንደኛ ሆኖ ዋሽንግተን ናሽናልስ ወሰደው። ጁን 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት 14 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ፒትስበርግ። ኦገስት ላይ ጅማቷ ተበጠሰች። ቶሚ ጆን ተሠርቶ ተመለሰ። በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ እየተፎካከረ እያለ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ 159⅓ ኢኒንግ ሲሞላው "ለዘንድሮ በቃህ" ተባለ። ናሽናልስ ያለ እሱ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፣ በሴንት ሉዊስ ተሸንፎ ወጣ። ሰው ለዓመታት ተከራከረበት፤ "አዳኑት" የሚል አለ፣ "ዋንጫችንን በሉት" የሚልም አለ። በ2019 ግን ዋሽንግተን የዓለም ተከታታዩን (የሜጀር ሊጉን ዋንጫ) ስትወስድ ኮከብ ተጫዋቹ እሱ ነበር። ወዲያው የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ሚልዋኪ ላይ የሆነውን ለመረዳት ስለሚያግዝ ነው። ሼልተን በዚያ ቀን ስኪንስን ሲያይ ከኋላው እነዚህ ሁሉ ክንዶች ተሰልፈዋል። ከፈቀደለት ታሪክ ይሠራ ይሆናል። ክርኑ ቢያመው ግን ማን ነው የሚጠየቀው?

ፓይለት ሊሆን የነበረው ልጅ

ስኪንስ በ2002 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ተወለደ። በ2020 ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ በድራፍት የመረጠው ቡድን አልነበረም። ኮሎራዶ የሚገኘው የአየር ኃይል አካዳሚ ገባ። ሐሳቡ ፓይለት መሆን ነበር። ቤዝቦሉንም እዚያው ተጫወተ። በአብዛኛው ተቀባይ ነበር፣ ይመታል፣ ይወረውራልም። በ2022 ሁለቱንም ሥራ አሳምሮ ለሚሠራ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የጆን ኦለሩድ ሽልማት ወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጎበዝ ወርዋሪ የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ12 እና ከ13 ዓመቱ ጀምሮ በጋ ከክረምት መወርወር ብቻ ነው ሥራው። ስኪንስ ግን ሃያ ዓመት እስኪሞላው ከመቀበልና ከመምታት ጋር እያፈራረቀ ነው የወረወረው። ክንዱ በአንድ ሥራ አልተጠመደም። እንደኔ ግምት ይህ የጠቀመውን ያህል ማንም አሰልጣኝ አልጠቀመውም። ማንም ግን አስቦ ያደረገለት አይመስለኝም።

የአካዳሚው ደንብ፣ ሦስተኛ ዓመቱን የጀመረ ተማሪ ከምረቃ በኋላ በወታደርነት የማገልገል ግዴታ አለበት ይላል። ከዚያ በፊት የወጣ ነጻ ነው። ስኪንስ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያ ተቀባይነቱንም ዱላውንም ትቶ መወርወር ብቻ ያዘ። 1.98 ሜትር የሚረዝመው ልጅ በ2023 በ122⅔ ኢኒንግ 209 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ሪከርድ ተሰበረ። (ሁለት ሦስተኛዋ እንዳታደናግራችሁ። አንድ ኢኒንግ ሦስት ሰው ማስወጣት ስለሆነ፣ ሁለቱን አስወጥቶ ከቀረ ሁለት ሦስተኛ ይባላል።) ዩኒቨርሲቲው ኦማሃ ላይ የአገር ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱም የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ድራፍት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። አውሮፓ ቢሆን ብር ያለው ክለብ ይገዛዋል። አሜሪካ ግን ደካማ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ቀዳሚዎቹ በዕጣ ይለያሉ። በ2022 መቶ ጨዋታ የተሸነፈው ፒትስበርግ የአንደኛውን ዕጣ አወጣና ስኪንስን ወሰደ። ሁለተኛው የዋሽንግተን ነበር፤ እነሱ የስኪንስን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ዲላን ክሩስን ወሰዱ። ከአንድ ትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ ሲመረጡ ያ የመጀመሪያው ነው። ስኪንስ ሲፈርም 9.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ በጊዜው ሪከርድ ነበር።

ይህን ሁሉ ብር ከፍለው ታዲያ በዚያ ክረምት በታችኛው ሊግ ያስወረወሩት 6⅔ ኢኒንግ ብቻ ነው። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ቀስ አድርጎ እንደሚነዳው ማለት ነው። ክንዱ ኮሌጅ እያለ 122⅔ ሠርቷልና ዓመቱ በ129⅓ ተዘጋ።

የ2024ን መጀመሪያ ከሜጀር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ኢንዲያናፖሊስ ጀመረ። በሰባት ጨዋታ 27⅓ ኢኒንግ ወረወረ። አካፍሉት፤ በጨዋታ አራት ኢኒንግ አይሞላም። 45 ሰው በስትራይክ አሰናበተ። ለዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ የገባበት ነጥብ 0.99 ነበር። ማንም ሊመታው እንዳልቻለ ግልጽ ነው። እያወጡ የሚያስቀምጡት ደክሞት ሳይሆን ቁጥሩ ስለሞላ ነው።

ሜይ 11 ፒትስበርግ ላይ ለሜጀር ሊግ በቃ። ተጋጣሚው ቺካጎ ከብስ ነው። 84 ኳስ ወረወረ፤ ከእነዚህ 17ቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የበረሩ ናቸው። ሰባት ሰው በስትራይክ አስወጣ። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ትቶ ወጣ። እሱን የተኩት ወርዋሪዎች ግን መረጋጋት አቃታቸው። ቤዙ ሞልቶ ሳለ ከክልሉ ውጪ እየወረወሩ ነጥብ በነጻ አደሉ። እሱ ቤዝ ላይ ትቷቸው የወጣው ሁለቱም ሰዎች ነጥብ አስቆጠሩ፤ ነጥቡም በእሱ ስም ተጻፈ። ከዚያ ዝናቡ ወረደና ጨዋታው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመ። መጨረሻ ላይ ፒትስበርግ 10 ለ 9 አሸነፈ። እሱ ግን አላሸነፈም አልተሸነፈም፤ መዝገቡ ላይ ምንም አልተጻፈለትም።

በስድስተኛው ቀን ቺካጎ ሄዶ ያንኑ ቡድን ገጠመ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት መቺዎች በተከታታይ በስትራይክ ሸኘ። ስድስት ኢኒንግ ሙሉ አንድ ኳስ አልተመታበትም። ልክ 100 ኳስ ሲሞላ አስወጡት። ማለትም የሚልዋኪው ሁለተኛ ጊዜው ነው። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳይመታ ወጥቷል።

የዕረፍቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሜጀር ሊግ ውስጥ ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ በተለምዶ በአምስት ቀን አንዴ ይወረውራል። ኮሌጅ ግን በሳምንት አንዴ ነው። ፒትስበርግ ለስኪንስ በአብዛኛው አንድ ቀን እየጨመረ በስድስተኛው ቀን ያሰልፈው ነበር። ከኮሌጁ ልማድ ወደ ሜጀር ሊጉ ልማድ በአንዴ አላዘለሉትም።

ዓመቱ ሲያልቅ 23 ጨዋታ፣ 133 ኢኒንግ፣ 170 ስትራይክ አውት። ኢ አር ኤ የሚባለው ቁጥር 1.96 ሆነ። ኢ አር ኤ ማለት ወርዋሪው ዘጠኝ ኢኒንግ ቢወረውር በራሱ ጥፋት ስንት ነጥብ ይገባበታል የሚል ስሌት ነው። አራት አካባቢ ከሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ነህ። ሦስት ጎበዝ ነው። ከሁለት በታች ያለውን በየዓመቱ አታገኘውም።

ከኢንዲያናፖሊሱ ጋር ሲደመር የ2024ቱ 160⅓ ኢኒንግ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት 187⅔ ወረወረ። 129፣ 160፣ 188። በየዓመቱ ሠላሳ ገደማ እየጨመሩ ነው ያወጡት። ይህን ቁጥር ሳየው አንድ ሰው ቢሮው ግድግዳ ላይ አስቀድሞ የለጠፈው ይመስለኛል። የ2024 የመጨረሻ ጨዋታው ሴፕቴምበር 28 ኒውዮርክ ያንኪስ ሜዳ ላይ ነበር። ሁለት ኢኒንግ ወረወረ፣ ስድስቱንም መቺዎች አስወጣ፣ ጃኬቱን ለብሶ ተቀመጠ። ለዚያ ዓመት የተመደበለት አልቋል።

በመሀሉ፣ ጁላይ 16፣ ቴክሳስ አርሊንግተን ላይ የኮከቦችን ጨዋታ እሱ ጀመረ። በሜጀር ሊግ የነበረው ልምድ 11 ጨዋታ ብቻ ነው! አንዱን ኮከብ ሁዋን ሶቶን በነጻ አሳለፈው፤ ቀጥሎ የመጣውን አሮን ጀጅን በመሬት አስመትቶ ኢኒንጉን ዘጋ። በመጀመሪያ ዓመቱ ያንን ጨዋታ የጀመረ አምስተኛው ሰው ሆነ። ከእሱ በፊት ከነበሩት አንዱ፣ በ1976፣ ያ ኳስ የሚያናግረው ፊድሪች ነው።

ሌላው ቆጠራ

ቢሮ ተቀምጠው የሚቆጥሩ አሉ ብዬ ነበር። እነሱ የሚቆጥሩት ቀን ነው።

ሜጀር ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች ወደፈለገበት ቡድን ለመሄድ ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። አንድ ዓመት የሚባለው ደግሞ 172 ቀን በሜጀር ሊግ ዝርዝር ውስጥ ሲቆይ ነው። የውድድር ዘመኑ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ቡድኑ ልጁን ጥቂት ሳምንት ታች ካቆየው ያ ዓመት አይሞላለትም፣ ቡድኑም ሌላ አንድ ዓመት በርካሽ ያገኘዋል። ስኪንስ የመጣው ሜይ 11 ነው። ውድድሩ ከተጀመረ ስድስት ሳምንት አልፏል። እንግዲህ 172 ሊሞላለት አይችልም ነበር።

"ለክንዱ ብለው ነው" እንበል ወይስ "ለኪሳቸው ብለው ነው"? የቡድኑ ሰዎች ልጁ እንዲዳብር ነው ይላሉ፣ ኢኒንጉን ሲያዩት እውነት አላቸው። ደጋፊው ደግሞ ይጠረጥራል፤ እሱም አልተሳሳተም። እንደኔ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። ልጁን ታች ማቆየት ክንዱንም ሒሳቡንም ይጠቅማል። ለየትኛው ተብሎ እንደሆነ ከውጪ ሆኖ መለየት አይቻልም፣ ምናልባት ለእነሱም ያስቸግራቸዋል።

ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2022 በፈረሙት ስምምነት ላይ ግን አንድ ማካካሻ ገባ። በምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የወጣ፣ ቀኑ ቢጎድልበትም ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል። ስኪንስ ከ30 መራጮች የ23ቱን አንደኛ ድምፅ አግኝቶ የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፣ የጎደለው ቀን ተሞላለት። ለምርጥ ወርዋሪ በሚሰጠው ሳይ ያንግ ደግሞ ሦስተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ያንንም በሙሉ ድምፅ ወሰደው። ያን ዓመት ያሸነፈው አሥር፣ የተሸነፈው አሥር ጨዋታ ነው፣ ኢ አር ኤው ግን 1.97። ቡድንህ ነጥብ ካላስቆጠረ አንተ ብቻህን አታሸንፍም። ስለ ወርዋሪ ስታወሩ "ስንት አሸነፈ" የሚለውን ቁጥር ተዉት የምለው ለዚህ ነው።

ደሞዙስ? በ2024 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደሞዝ በዓመት 740,000 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ጀማሪ የሚከፈለው ያንኑ ነው፤ ሜጀር ሊግ ውስጥ ለነበረባቸው ቀናት ብቻ ታስቦ። በዓመቱ መጨረሻ ለወጣት ተጫዋቾች ከሚከፋፈለው 50 ሚሊዮን ዶላር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሶታል። እውነተኛው ድርድር የሚመጣው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ጅማቷ መኖር አለባት። ተጫዋቹ በርካሽ የሚወረውርባቸው ዓመታት ክንዱ በጣም ፈጣን የሚሆንባቸው ናቸው። ይህ ሥርዓት ላይ ብዙ ሰው ያማርራል፣ እኔም ፍትሐዊ ነው አልልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜይ 11 ቀን፣ ያ ዝናብ ያቋረጠው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ፣ ስኪንስ የለበሰው ማሊያ እጅጌ ላይ ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታ ነበር። አሁን አዲስ ተጫዋች ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ ያደርጋታል። ከጨዋታው በኋላ ጨርቋ ተፈትታ ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ በሚያትመው የተጫዋቾች ካርድ ላይ ተለጠፈች። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያለች ካርድ ናት። ካርዶቹ በእሽግ ስለሚሸጡ ማን እጅ እንደምትገባ አይታወቅም። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለ የ11 ዓመት ልጅ በገና ስጦታው ውስጥ አገኛት። ፒትስበርግ "ካርዷን ስጡን፣ ለ30 ዓመት የሁሉንም ጨዋታ መግቢያ እንስጣችሁ" ብሎ ለመነ። ቤተሰቡ እምቢ አለ። ማርች 2025 በጨረታ ወጣች፤ በ1.11 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ስኪንስ በ2024 የሚታሰብለት የዓመት ደሞዝ 740,000 ነበር።